ሐይቁን የሚሟገት ማህበር ገንዘብ ለምን ይጠይቃል? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሀዋሳ ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ለሐይቁ፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለሴቶች መብት የሚሟገቱ ማህበራት ደጋፊዎቻቸውን በየወሩ መዋጮ መጠየቃቸው አሳዝኗቸዋል። ክርክራቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሙግት የአንደበት ሥራ ስለሆነ ወጪ የለውም፤ ወጪ ካለውም የውጭ ለጋሾች አሉ፤ አንዴ የሰጠን ሰው መላልሶ መጠየቅ ይሉኝታ ማጣት ነው፤ የሚሰበሰበው ለደመወዝና ለቢሮ ኪራይ ስለሚውል ለተራበ ቢሰጥ ይሻላል፤ ሃምሳ ብር የትም አይደርስም፤ ሒሳቡንም ሰጪው አያየውም።

የመጨረሻው ነጥብ በአብዛኛው ልክ ነው። ሌሎቹን አንቀበልም። እኛ የማህበራትን ሒሳብ በመያዝ፣ በጀት በማውጣትና መዋጮ በማሰባሰብ የምንሠራ ሰዎች ነን፤ ስለዚህ መልሳችን የሚነሣው ከወጪ መዝገቡ ነው።

«ሙግት ወጪ የለውም»

ጸሐፊው ሙግት ሲሉ ያሰቡት ሰልፍን፣ መግለጫንና የፌስቡክ ጽሑፍን ይመስላል። እነዚህ በርግጥ ርካሽ ናቸው። መግለጫ የሚደመጠው ግን ማስረጃ ሲይዝ ነው፤ ማስረጃ ደግሞ ይገዛል።

የሀዋሳን ሐይቅ እንውሰድ። ስፋቱ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቅ የተባለው ቦታ ከ20 ሜትር ብዙ አያልፍም፤ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ በገጸ ምድር ግን መውጫ የለውም። ውሃው ተንኖ ሲሄድ አብሮት የገባው ነገር እዚያው ይቀራል። አንድ ማህበር ወደ ሐይቁ ፍሳሽ እየገባ ነው ብሎ አቤት ሲል የአካባቢ ጥበቃ ቢሮው ወዲያው የሚጠይቀው «ምን ያህል? ከየት? ማን መረመረው?» ብሎ ነው። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መመለስም ግዴታ ነው።

ለመመለስ ቢያንስ አምስት የናሙና ቦታ ይመረጣል፦ ጥቁር ውሃ ሐይቁን የሚቀላቀልበት፣ የዓሣ ገበያው ያለበት አሞራ ገደል አካባቢ፣ ከከተማው የጎርፍ መውረጃዎች አንዱ የሚደርስበት፣ ከመኖሪያ ሰፈር የራቀ ዳርቻ፣ እና የሐይቁ መሐል። ሩቁ ዳርቻ የሚመረጠው ለማነጻጸሪያ ነው፤ እሱ ከሌለ የተቀረው ቁጥር ብዙ ይሁን ትንሽ አይታወቅም። ከየቦታው ሦስት ሦስት ናሙና፣ አንዴ በክረምት አንዴ በበጋ፣ በድምሩ 30 ይሆናል። በየዙሩ ደግሞ በተጣራ ውሃ የተሞላ አንድ ጠርሙስ አብሮ ይሄዳል፤ ጠርሙሶቹ ራሳቸው ንጹሕ እንደነበሩ የሚመሰክረው እሱ ነው። መሐሉ ጋ ለመድረስ ጀልባ ይከራያል።

ከዚያ የሰዓት ሩጫ ይጀምራል። ለሰገራ ባክቴሪያ የሚቀዳው ከጀርም በጸዳ ጠርሙስ ሆኖ በበረዶ ተይዞ፣ በስድስት ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ቢደርስ ነው የሚመከረው። ቢኦዲ የሚባለው የኦርጋኒክ ብክለት መለኪያ ናሙና በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተቀምጦ በ24 ሰዓት ውስጥ ምርመራው ቢጀመር ጥሩ ነው፤ ውጤቱ የሚነበበው ከአምስት ቀን በኋላ ነው። ለከባድ ብረቶች የሚወሰደው ናይትሪክ አሲድ ጠብ ይደረግበታል፤ አለበለዚያ ብረቱ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይጣበቅና ውጤቱ ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይወጣል። እያንዳንዱ ጠርሙስ ማን እንደቀዳው፣ በስንት ሰዓት፣ ለማን እንደተረከበ የሚገልጽ የተፈረመ ቅጽ ይኖረዋል።

የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። በረዶ ለመግዛት ገንዘብ አጥሮ ጠርሙሱ በባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ሲመታው ከቆየ ባክቴሪያው ወይ ይራባል ወይ ይሞታል፤ ቁጥሩ ስለ ሐይቁ የሚናገረው ነገር አይኖርም። የርክክብ ቅጹ ካልተፈረመ የተከሳሽ ጠበቃ ውጤቱን በአንድ ጥያቄ ያፈርሰዋል። የበጋው ዙር ከቀረ «ያን ሰሞን ዝናብ ስለበዛ ነው» ይባላል፤ ለዚህም መልስ የለም። አቅም ያጠራቸው ማህበራት አዘውትረው የሚተዉት ይህን ሁለተኛ ዙር ነው። የመጀመሪያው ዙር የፈጀው ገንዘብም አብሮ ይባክናል።

ማስረጃው ከተገኘ በኋላ ሕጉ የራሱ ቀጠሮ አለው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው አቤት ባዩን ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። በነዚያ 60 ቀናት ጠበቃ መቅጠር፣ ክስ ማዘጋጀት፣ የባለሙያ አስተያየት ማስጻፍ ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ የሚወጣው የላብራቶሪ ውጤት ፍርድ ቤቱ ወደሚሠራበት ቋንቋ ይተረጎማል። ገንዘብ ማሰባሰብ የሚጀመረው ቀኑ መቆጠር ከጀመረ በኋላ ከሆነ ጉዳዩ አልቋል። ዕድር ድንኳን የሚገዛው ሰው ከሞተ በኋላ አይደለም፤ ሁሉም ደህና በሆነበት ወር መዋጮ የሚሰበስበውም ለዚሁ ነው። የሙግት ማህበርም ክስ በሌለበት ወር የሚጠይቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ወጪውን ለማስቀረት በጎ ፈቃደኞች ይሥሩት የሚል ሐሳብም ይነሣል፤ ይህን በከፊል እንቀበላለን። በበጎ ፈቃደኛ ብቻ የሚያልቅ ሥራ አለ። የአገራችን የሕንፃ ሕግ ሕዝብ የሚጠቀምባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመቹ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ አንድ መወጣጫ ለዊልቸር ይመች እንደሆነ ለማወቅ ሜትርና ውሃ ልክ ይበቃል። በስፋት የሚሠራበት ልኬት ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። ሁለት ተማሪዎች በአንድ ቅዳሜ የአንድ ሰፈር ሕንፃዎችን ለክተው፣ ፎቶ አንስተው፣ ሠንጠረዥ ሊያዘጋጁ ይችላሉ። ለዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ ማህበር ካለ መጠየቅ አልነበረበትም።

ነገር ግን ያንኑ ሠንጠረዥ ይዞ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ከባለሥልጣናት ጋር የሚነጋገሩበት ስብሰባ ቢጠራ ሁለት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ መቅጠር ግድ ይሆናል። አንድ ሰው ሳያርፍ ሲያስተረጉም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መሳሳት ይጀምራል፤ ስለዚህ ሁለቱ ይቀያየራሉ። ለዓይነ ስውራን ሰነዱ በብሬል ይታተማል። ሥራ ያለው በጎ ፈቃደኛ ደግሞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቀጠሮ፣ ለሁለት ሳምንት ተላልፎ እንደገና ቀጠሮ፣ ዳኛ ስላልተሟላ ሌላ ቀጠሮ ሲባል ስንት ጊዜ ከመሥሪያ ቤቱ ያስፈቅዳል? ጠበቃው በነጻ ቢቆምም ኮፒው፣ ትራንስፖርቱና የባለሙያ ምስክሩ ነጻ አይደሉም።

«የውጭ ለጋሾች ይሸፍኑት»

በዚህ ነጥብ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን፤ የጽሑፉ ትልቁ ስህተት እዚህ ነውና።

ይህ ሐሳብ በአገራችን ተሞክሮ ውጤቱ ታይቷል። እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ አብዛኞቹ የመብት ማህበራት የሚተዳደሩት በውጭ ገንዘብ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማህበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 በሰብአዊ መብት፣ በጾታ እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ መሥራትን ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ለማያገኙ የኢትዮጵያ ድርጅቶች ብቻ ፈቀደ። ቁጥሩን ወደ በጀት እንቀይረው፦ በዓመት 1 ሚሊዮን ብር የሚያንቀሳቅስ ማህበር 900,000 ብሩን ከአገር ውስጥ ማግኘት ነበረበት። ከአገር ውስጥ ሰብስቦ የማያውቅ ማህበር ይህን በአንድ ሌሊት ከየት ያመጣዋል? በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ ከ12 ጽሕፈት ቤቶቹ ዘጠኙን ዘጋ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር አብዛኛውን ሠራተኛ አሰናበተ፤ የሁለቱም የባንክ ሒሳብ ታግዶ ቆየ። ብዙ ሌሎች ማህበራት ደግሞ «መብት» የሚለውን ከዓላማቸው ሰርዘው ወደ ልማት ሥራ ተሻገሩ።

ያ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተካ፤ የውጭ ገንዘብ ገደቡም ቀረ። ሆኖም ደጋፊን የመጠየቅ ልምድ በብዙ ማህበራት ሳይጀመር ቀረ፤ ፕሮጀክት መጻፉ ይቀላቸዋልና። ከዚያ በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ለ90 ቀናት አገደ፤ ብዙም ሳይቆይ የዩኤስኤአይዲን አብዛኛውን ፕሮግራም ሰረዘ። በአንድ ለጋሽ ላይ ቆመው የነበሩ ድርጅቶች በአንድ ደብዳቤ ሥራ አቆሙ። በ2001 መመሪያው የመጣው ከአዲስ አበባ ነበር፣ በ2017 ከዋሽንግተን። በሁለቱም ጊዜ የሀዋሳ ሰው አልተጠየቀም፤ ሊጠየቅም አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም በገንዘቡ ውስጥ አልነበረበትም።

የለጋሽ ገንዘብ ሳይቋረጥ ቢመጣ እንኳ አብዛኛው የታሰረ ነው። ውሉ ላይ «ለሦስት ሥልጠና፣ ለ90 ሰልጣኝ» ተብሎ ከተጻፈ ገንዘቡን ለጠበቃ ማዋል አይቻልም፤ ከአንዱ የበጀት መደብ ወደ ሌላው ለማዛወር የጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ፈቃዱ ሳምንታት ይወስዳል። ክፍያው በየሩብ ዓመቱ፣ ያለፈው ሪፖርት ከጸደቀ በኋላ ይለቀቃል። ለጋሾች የፕሮጀክት ሐሳብ የሚጠይቁበት ጥሪ ርዕስም በየዓመቱ ይቀየራል፤ ዘንድሮ ፍልሰት፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ። የሐይቁ ጉዳይ በዚያ ዓመት ርዕስ ውስጥ ካልገባ ማህበሩ ወይ ዝም ይላል ወይ ሐይቁን በግድ ፍልሰት ውስጥ ይከተዋል። ከደጋፊ የሚመጣ ገንዘብ የተለየ የሚሆነው በዚህ ነው፤ ዛሬ ለታየ ችግር ነገ ሊወጣ ይችላል።

መንግሥት ይስጥ ቢባል የከፋዩን መሥሪያ ቤት የሚከስ ማህበር ይኖራል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ባለሀብት ቢባልም ያው ነው። በሐይቁ ዳር ሊገነባ ያሰበ ሰው የማህበሩን ግማሽ በጀት ቢሸፍን ስለ ሐይቅ ዳር ግንባታ የሚወጣው መግለጫ ምን እንደሚመስል አንባቢ ይገምታል። ማንም እጁን አልጠመዘዘም፤ ግን ረቂቁ ቦርድ ላይ ሲቀርብ አንድ ሰው «ጊዜው አሁን ነው ወይ?» ይላል፣ ጉዳዩም ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፋል። ለዚህ ነው አምነስቲ ኢንተርናሽናል ለምርመራና ለዘመቻ ሥራው ከመንግሥታት ገንዘብ የማይቀበለው፤ ግሪንፒስም ከመንግሥትም ከኩባንያም የማይወስደው። ሁለቱም የሚኖሩት በተራ ሰዎች መዋጮ ነው። ለትንሽ ማህበርም የሚሆን መፍትሔ አለ፦ ከአንድ ሰጪ የሚመጣ ገንዘብ ከዓመቱ ገቢ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ በመተዳደሪያ ደንብ መወሰን። ከዚያ በላይ የሚሰጥ ሲመጣ ትርፉ ለመጠባበቂያ ሒሳብ ይቀመጣል ወይም በአክብሮት ይመለሳል።

ሌላም ነገር አለ። ተሟጋች ማህበር ቢሮ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «እናንተ የማን ናችሁ? ማን ላካችሁ?» የሚል ነው። የውጭ ገንዘብ ብቻ ያለው ማህበር ለዚህ የሚሰጠው መልስ ደካማ ነው። በየወሩ የሚያዋጡ 600 የሀዋሳ ነዋሪዎች ያሉት ማህበር ግን የደረሰኝ ጥራዙን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ላይክ ያደረገ ሰው ማረጋገጫ አይሆንም፤ ከኪሱ ያወጣ ሰው ይሆናል።

«አንዴ ከሰጠሁ ለምን ትደጋግማላችሁ?»

ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ኪራይ፣ ስልክ፣ ኢንተርኔትና የሒሳብ ሠራተኛ በየወሩ ይከፈላሉ፤ ያልተጠየቀ ሰው ደግሞ ይረሳል። ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሦስተኛው ወር ላይ ስልክ ይቀይራል፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ይመጣበታል፣ ወይም «ባለፈው ሰጥቻለሁ» ብሎ ያስባል። ባንክ ሄዶ ቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ የሚሞላ ሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ማስታወሻ ይላካል። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገቡ የላብራቶሪ ኬሚካሎች ዋጋ ስለጨመረ፣ አስቀድሞ የተወሰነ መዋጮ የድሮውን ሥራ አይሸፍንም።

መደጋገሙ የሚያሰለቸው ግን መልእክቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። «አስቸኳይ!» በየሳምንቱ ከተባለ እውነተኛው አስቸኳይ ሲመጣ ማንም አያነበውም። የሚሠራው አካሄድ መደበኛውን መዋጮ ከልዩ ጥሪ መለየት ነው። መደበኛው በወር አንዴ፣ ደመወዝ በሚወጣበት ሰሞን፣ በሁለት መስመር ይላካል። ልዩ ጥሪ በዓመት ከሁለት ባይበልጥ ይመረጣል፤ እሱም የሚፈለገው ገንዘብ መጠን፣ ለምን እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚፈለግና ካልሞላ ምን እንደሚደረግ ይገልጻል። መጠኑ ሲሞላ ጥሪው ይቆማል፤ ሳይዘገይም «ሞልቷል» ተብሎ ይነገራል። ይህን የመጨረሻውን የሚያደርግ ማህበር ብዙ አይደለም፤ የሚያደርገው ግን ቀጥሎ ሲጠይቅ የሚታመነው እሱ ነው።

ጊዜውም መመረጥ አለበት። መስከረም የደብተርና የዩኒፎርም ወር ነው፤ በዚያ ወር ልዩ ጥሪ ማውጣት የሰውን ችግር አለማወቅ ነው። በሲዳማ የቡና ለቀማ ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ገበያው ይንቀሳቀሳል። በዐቢይ ጾምና በረመዳን ሰው ለችግረኛ ለመስጠት ልቡ ክፍት ነው፤ ያኔ የሙግት ማህበር ከአረጋውያን መርጃ ጋር ባይሻማ መልካም ነው። በየወሩ አሥራት የሚያወጡ ብዙ ቤተሰቦች ባሉበት ከተማ ደግሞ «ገና አልሰጣችሁም» የሚል ቃና ያለው መልእክት ነውር ነው። አልፈልግም ያለን ሰው ከዝርዝሩ ማውጣት ደግሞ በዚያው ቀን የሚደረግ ሥራ ነው።

«ለደመወዝና ለቢሮ ይውላል፤ ለተራበ ይሰጥ»

በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የመብራትና የውሃ፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ ከዚህ ይመደባሉ። ስለዚህ ገደብ አለው፤ የሚቆጣጠረውም የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። ጸሐፊው ግን ሁሉንም ደመወዝ አንድ ላይ ደምረዋል። ዕርዳታ የሚያከፋፍል ድርጅት ሥራው ስንዴው ነው፤ ስንዴውን የሚያጓጉዘው ሰው ደመወዝ ከሥራው ውጪ ያለ ወጪ ይመስላል። በሙግት ግን ክሱን የምትጽፈው የሕግ ባለሙያና ናሙናውን የሚቀዳው ሰው ሰዓት ራሱ ሥራው ነው። ደመወዛቸውን ከሥራው ላይ ከቀነሱ የሚቀር ነገር የለም።

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር እንስማማለን። በሆቴል አዳራሽ ለሁለት ቀን ተቀምጦ፣ አበል ተከፍሎ፣ ሻይ ቡና ተጠጥቶ የሚያልቅ ዓውደ ጥናት የደጋፊ ገንዘብ ሊወጣበት አይገባም። አበል ካልተከፈለው የማይመጣ ተሰብሳቢም ለጉዳዩ አልመጣም። በፕሮጀክት ገንዘብ እንዲህ ዓይነት ወጪ ተለምዷል፤ የነዋሪ ሃምሳ ብር ግን ወደዚያ መፍሰስ የለበትም፤ በተለየ ሒሳብ መያዝ ያለበትም ለዚህ ነው።

ለተራበ መስጠትን የሚቃወም ሰው የለም። መቄዶንያን የመሰሉ ማዕከላት የሚያደርጉትን የሚተካ ነገር ከቶ የለም። ጥያቄው ሌላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ልትዳር ትችል ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ዕድሜውን ለሁለቱም ጾታ 18 አደረገው፤ ብዙ ክልሎችም በየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ተከተሉ። ይህ እንዲሆን የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበርና ሌሎች ለዓመታት ረቂቅ አንብበዋል፣ ስብሰባ ጠርተዋል፣ ጉዳይ ሰብስበዋል። ያን ጊዜ ማንም በእጁ የያዘው ዳቦ አልነበረም። በ15 ዓመቷ ተድራ ትምህርት ያቋረጠችን ልጅ በኋላ መርዳት ይቻላል፤ ሕጉ ግን ገና ያልተወለዱትንም ይጠብቃል። ሁለቱም ሥራ ያስፈልጋል፤ ለሁለተኛው የሚሰጥ ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው ደጋግሞ የሚጠየቀው።

«ሃምሳ ብር የትም አይደርስም»

400 ሰዎች በወር 50 ብር ሲያዋጡ በወር 20,000፣ በዓመት 240,000 ብር ነው። ከ400ው 40ው ቢያቋርጡ 24,000 ብር ይቀንሳል፤ ሥራው ግን አይቆምም። ያንኑ 240,000 የሚሰጥ አንድ ሰው ቢያቋርጥ ሁሉም ያበቃል።

ይህ አዲስ ነገርም አይደለም። አየርላንድ ውስጥ ዳንኤል ኦኮኔል የሚመራው የካቶሊኮች ማህበር በ1824 እ.ኤ.አ. ከድሃ ገበሬ ሳይቀር በወር አንድ ፔኒ መሰብሰብ ጀመረ። ፔኒዋ ትንሽ ብትሆንም ከየሰበካው ሰብሳቢ ተመረጠ፣ ስም ተመዘገበ፣ ሰብሳቢው ፔኒዋን ሲቀበል ጉዳዩንም ያወራል። በ1829 እ.ኤ.አ. ካቶሊኮች ፓርላማ እንዳይገቡ የሚከለክለው ሕግ ተነሣ።

«ሒሳቡን ማን አየው?»

ጸሐፊው እዚህ ላይ ልክ ናቸው፤ ቁጣቸውም ይገባናል። በሰብሳቢው የግል ስልክ የሚገባ ቴሌብር፣ ደረሰኝ የሌለው ጥሬ ገንዘብ፣ በዓመት መጨረሻ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብቻ የሚል ሪፖርት፣ እነዚህ ሁሉ በከተማችን ያሉ ነገሮች ናቸው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሌብነት ሳይሆን ስንፍና ነው፤ ለሰጪው ግን ልዩነት የለውም።

የሒሳብ ቁጥሩ በማህበሩ ስም መሆን አለበት፤ ወጪ የሚደረገውም በጣምራ ፊርማ ነው። ገንዘብ የሚቀበለው፣ መዝገብ ላይ የሚያሰፍረውና ወጪ የሚፈርመው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሆናሉ፤ ማህበሩ ትንሽ ቢሆንም ይህ አይቀርም። ደረሰኝ ተከታታይ ቁጥር ታትሞበት በሦስት ቅጂ ይዘጋጃል፦ አንዱ ለሰጪው፣ አንዱ ለሒሳብ፣ አንዱ ጥራዙ ላይ ይቀራል። የተበላሸ ደረሰኝ አይቀደድም፤ ሦስቱም ቅጂ «የተሰረዘ» ተብሎባቸው እዚያው ይቀመጣሉ። በእጅ የተሰበሰበ ጥሬ ገንዘብ ሳይነካ በማግሥቱ ባንክ ይገባል። ከተሰበሰበው ላይ ለታክሲ፣ ለወረቀት እየተባለ ከተነሣ ደረሰኙና የባንኩ ሒሳብ መቼም አይገናኙም፤ ኦዲተሩም ልዩነቱን ጉድለት ብሎ ይጽፈዋል። በቴሌብር የሚገባው ደግሞ ማን እንደላከው ሳይታወቅ ስለሚቆለል፣ ላኪው በምክንያት ቦታው ላይ ስሙንና «መዋጮ» ወይም «ልዩ ጥሪ» የሚለውን እንዲጽፍ አስቀድሞ ይነገረዋል። በየወሩ መዝገቡ ከባንክ መግለጫው ጋር ይታረቃል፤ በዓመት አንዴ የሚደረግ ማስታረቅ ስህተቱን የሚያገኘው ሠራተኛው ከለቀቀ በኋላ ነው። ከአባላትና ከታወቁ ደጋፊዎች ውጪ፣ ጎዳና ላይ ወይም በአደባባይ ለመሰብሰብ ከታሰበ ከመጀመር በፊት የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንን መጠየቅና የፈቃዱን ወረቀት ሰብሳቢዎቹ እንዲይዙ ማድረግ ይገባል።

ለሰጪው የሚቀርበው ሪፖርት አንድ ገጽ ይበቃል። ካለፈው የዞረ፣ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ፤ ወጪው በአምስት ወይም ስድስት መደብ ተከፍሎ። ከሥሩ ያልተሠራው ሥራ ከነምክንያቱ ይጻፋል። ያልተሠራውን የሚደብቅ ሪፖርት የሠራውንም ያስጠረጥራል። የውጭ ኦዲተሩ ሪፖርት ሙሉው በቢሮው ይቀመጣል፣ ለጠየቀ ይታያል።

ስለዚህ በሀዋሳ መዋጮ የተጠየቀ ሰው ከመስጠቱ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ፦ የምዝገባ የምስክር ወረቀቱን፣ ሒሳቡ የተከፈተበትን ስም፣ የዓመቱን አንድ ገጽ ሪፖርት፣ እና ከማን ገንዘብ እንደማይቀበሉ። የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ ማህበሩ ነገ ማንን ሊጋፈጥ እንደሚችል የሚታወቀው ግን በእሱ ነው። አራቱ ካልቀረቡለት አለመስጠት መብቱ ነው። ያልሰጠበትን ምክንያት በጽሑፍ ቢያስገባ ደግሞ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ይነበባል፣ በቃለ ጉባኤም ይያዛል።